ቅዳሜ በሦስት ሰዓት

ፌብሩዋሪ 28፣ ቅዳሜ። 17፡10፣ ባስ ላይ

የፒክአፑ የናፍጣ ማጣሪያ ተቀየረ። እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ አንተም ልትሸት ነው፣ ደብተሬ፣ ቻለው። ከማጣሪያው ሥር ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ወጣ። ዘይት ደህና። ፍሬኑ ላልቷል፣ ሌላ ቀን ይታያል። ፒክአፑ ከኅዳር ጀምሮ ስለቆመ ባትሪው ሞቷል ብዬ ቻርጀር ከሥራ ቦታ ተውሼ ነበር። ቁልፉን ሳዞር አንዴ አጉረመረመና ተነሳ። ቻርጀሩን በከንቱ ተሸክሜ ዞርኩ።

ካራቫኑ ግን አበሳ ነው። ካራቫን ይሉታል እንጂ የትም አይሄድም፤ ብሎኬት ላይ የተቀመጠ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። በመኝታው በኩል ወለሉ በስብሶ ስረግጠው ይሰምጣል። የመስኮቶቹ ጎማ ተሰነጣጥቋል። የቁም ሣጥኑ በር በእርጥበት አብጦ አልከፈት አለኝ፣ ተውኩት። ሻጋታውን ስፈገፍግ ዋልኩ፣ ገና ግማሹ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ ነበር። አንዱ ሻይ የተጠጣበት፣ ሌላው ንጹሕ፣ ተደፍቶ። አጠብኳቸውና ወደ መደርደሪያው መለስኳቸው።

እቅዴ፦ አድሼ ለሚፈልግ ሰው ሰጥቼ መገላገል። ጋሼ በሕይወቱ አንድ ቀን ያላስገባኝን ቤት ሞቶ አወረሰኝ።

ሾፌሩ ፍሬን እየደበደበ ነው የሚነዳው። ሃያ ዓመት ባስ የነዳ ሰው ተሳፋሪ ሲሆን አፉን መያዝ አለበት። ያዝኩ።

የኩባያው ሻይ እርጥብ ነበር። አሁን ትዝ አለኝ። ጋሼን ከቀበርነው እኮ ወር አልፎታል።

ማርች 3፣ ማክሰኞ። 19፡00፣ ሆሎዌይ፣ ቤት

ዛሬም ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ ኩባያዎቹ ባስቀመጥኳቸው ቦታ። ምንም የለም። የራሴ ጭንቅላት ነው። የበሰበሰውን ወለል ቆርጬ አወጣሁ፣ አዲስ ጣውላ ለካሁ። የግድግዳው ሰዓት ይሠራል፣ ግን በሐበሻ ነው፤ 15፡20 ላይ ዘጠኝ ከሃያ ይላል። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ለንደን ኖሮ ሰዓቱን አልለወጠም። ወደ ሦስት ከሃያ አዞርኩት። አሁን ቤቱ የኔ ነው።

አንተ አዲስ ደብተር ነህና አታውቅም። ጋሼ ማለት ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ እንደ አባት ያሳደገኝ እሱ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ሰቨን ሲስተርስ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ፣ ካናሉ ዳር ካለው ግቢ ይህን ካራቫን ገዛ። ጡረታ ስንወጣ ሁለታችንም እዚያ እንሆናለን፣ በፒክአፑ እየተነሳን ባሕር እናያለን አለኝ። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ነዪና አብረን እንጀምረው፣ ቁልፍሽንም ትወስጃለሽ አለ። እኔ ሁልጊዜ የጠዋት ሽፍት ነኝ፣ 14፡00 እወጣለሁ። ምስር ወጥ በሳህን ቋጥሬ ልክ 15፡00 ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል። ስልኩን አያነሳም። ዝናብ ውስጥ እስኪመሽ ቆምኩ።

በማግስቱ ደወለ። ያለኝ አንድ ነገር ነው። «ላትመጪ ለምን እሺ አልሽኝ?»

እኔ ነኝ ዝናብ የመታኝ፣ ጭራሽ እሱ ይቆጣል! ውሸታም ብዬው ዘጋሁበት። ታላቅ ወንድሜን ውሸታም አልኩት። ከዚያ በኋላ ቤ/ክ ስንገናኝ በአንገት ሰላምታ ብቻ፤ ያችን ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ ያልፈኛል። ሰባት ዓመት። ሁለታችንም እልኸኞች ነን፣ የእናታችን ልጆች። ታሞ መተኛቱን እንኳ ከሰው ነው የሰማሁት። ከሞተ በኋላ የካራቫኑና የፒክአፑ ቁልፍ በፖስታ መጣልኝ፣ ላዩ ላይ በእጁ «ለሙሉ» ብሎ ስሜን ጽፎበታል። ሌላ ቃል የለም።

ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ለምን በር ዘጋብኝ? ይህን ሳላውቅ ቤቱን ብሰጥም ከሆዴ አይወጣም።

ማርች 7፣ ቅዳሜ። 17፡30፣ ባስ ላይ

ኩባያዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሁለቱም። አንዱ ተጠጥቶበታል። ሌላው ንጹሕ፣ ተደፍቶ።

የግድግዳው ሰዓት ወደ ሐበሻ ተመልሷል።

ሌባ ነው? ሌባ ገብቶ ሰዓት አስተካክሎ ሻይ ጠጥቶ ይወጣል? በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ ደህና። የበሩ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንገቴ ላይ። ሰዓቱን አውርጄ ባትሪውን አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት። እስቲ ይዙር።

ሦስት መስኮት በሲሊኮን ደፈንኩ። በሩን በሩን እያየሁ ስለሠራሁ ሥራው አያምርም። ጋሼ ቢያየው ይስቅብኝ ነበር።

ማርች 10፣ ማክሰኞ። 20፡00

ወለሉ አለቀ። ላዩ ላይ ዘለልኩበት፣ አልጮኸም። ጎበዝ ነኝ።

አልማዝ ከቤ/ክ ደወለች። ለጋሼ የሰማንያ ቀን ተዝካር ዝግጅት ሴቶቹ እሁድ በሁለት ሰዓት ይሰብሰቡ አለች። በሐበሻ ነው በፈረንጅ? አልኳት። ሳቀች፤ በሐበሻ ነው፣ ከቅዳሴ በፊት። ይህችን ጥያቄ ሁላችንም እንጠይቃለን፤ ያልጠየቀ ሰው አዳራሹን ባዶ ያገኘዋል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሽሮ ሠርቼ ሳልበላው ቀረሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጾሙ ይሆናል።

ማርች 14፣ ቅዳሜ። 16፡00፣ ግቢው በር ላይ ቆሜ

ውስጥ ሆኜ መጻፍ አልቻልኩም።

ሰዓቱ ይሠራል። ባትሪ የለውም። ገልብጬ አየሁት፣ ቦታው ባዶ ነው። ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዘጠኝ ከአምስት።

ኩባያዎቹ ወጥተዋል።

የፒክአፑን ኮፈን ስነካ ለብ ያለ ነው። ፀሐይ ነው እንዳልል ቀኑን ሙሉ ደመና። የናፍጣ መለኪያው ዝቅ ብሏል። የተሳፋሪው መቀመጫ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፣ እኔ አላነጠፍኩም።

ሚስተር ጆንን ጠየቅኩት። የግቢው ጠባቂ ነው፣ በሩ ላይ ባለችው ሳጥን ቤት የሚቀመጥ ሽማግሌ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ልክ 9፡00 ሲሆን ናፍጣው ይነሳል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይሞቃል፣ አንቺ ነሽ ብዬ ዝም አልኩ አለኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ሆሎዌይ ሮድ ላይ ባስ እነዳለሁ አልኩት። እሱ ደግሞ፣ ባለፈው እጄን አውለበለብኩልሽ፣ አንቺም ከመስኮቱ መለስሽልኝ አለ።

ክው አልኩ።

ማርች 17፣ ማክሰኞ። 18፡40

አልሄድኩም። ፍሬኑ ይቆይ።

ለአልማዝ ግማሹን ነገርኳት። ጠበል አስረጪበት አለች። እሺ አልኩ። ግን ማንን ነው በጠበል የማባርረው? ሰባት ዓመት ሙሉ በኩርፊያ ያባረርኩት አይበቃም?

ማርች 21፣ ቅዳሜ። 15፡50

ካራቫኑ ውስጥ ነኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። በዚህች አዲስ ጣውላ ላይ።

ስገባ ኩባያዎቹን እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኳቸው። እልህ ያዘኝ። ዛሬ ይህን የቁም ሣጥን በር ካልከፈትኩ አልሄድም አልኩ። በካቻቢቴ ማጠፊያውን ፈትቼ፣ ጎትቼ ነቀልኩት።

የበሩ ውስጠኛ ገጽ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተጽፎበታል። የጋሼ እጅ ነው። «አ»ን ሲጽፍ አንዱን እግር ያስረዝማል፣ አይጠፋኝም። መጀመሪያ የሥራ ዝርዝር ነው፦ ጣሪያ ተደፈነ፣ የዳሽቦርድ አምፖል ተቀየረ። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ልገልብጠው።

«ሚያዝያ 12። ቅዳሜ። ሙሉ 3 ሰዓት ትመጣለች። ቁርስ እዚህ እንበላለን። ሞተሩን አሙቄያለሁ፣ እግሯ ይበርዳታል።»

«5 ሰዓት። አልመጣችም።»

«6 ሰዓት። ዳቦው ደረቀ። ሥራ ልግባ።»

ቁርስ። በሦስት ሰዓት ቁርስ።

ጠዋት ነበር። የኛ ሦስት ሰዓት። እኔ በፈረንጅ ሦስት ብዬ በዘጠኝ ሰዓት መጣሁ። እሱ ሲጠብቀኝ እኔ መሪ ላይ ነበርኩ፣ እኔ በሩን ስደበድብ እሱ ሥራ ላይ። በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ብዬ አልጠየቅኩትም። አልማዝን እጠይቃለሁ፣ ማንንም እጠይቃለሁ። የወንድሜ ቃል ነውና ሳላጣራ እሺ አልኩ። እሱም የኔ እሺ ነውና አላጣራም። በዚህች ነው ሰባት ዓመት የሄደው። ውሸታም ያልኩት በዚህች ነው።

አለቀስኩ፣ ደብተሬ። ድምፄን አውጥቼ።

ግን አላበቃም። ከሥሩ መስመሩ ይቀጥላል። ቀኑ፣ ከዚያ «3 ሰዓት። አልመጣችም።» በሚቀጥለው ቅዳሜም። ከዚያ በሚቀጥለውም። በሩ ሲሞላ ወደ ሣጥኑ ግድግዳ ተሻግሯል። ሳንነጋገር በኖርንበት ዘመን ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሞተር አሙቆ፣ ሁለት ኩባያ አውጥቶ ጠብቆኛል። ደውሎ ነዪ አላለኝም፤ እኔም ደውዬ ይቅርታ አላልኩትም።

ኅዳር ላይ ሆስፒታል ገባ። መስመሩ አልተቋረጠም። ጥር ላይ ቀበርነው። መስመሩ አልተቋረጠም። ያ የረዘመው የ«አ» እግር፣ «አልመጣችም» የሚለውን ሲጽፍ የሚጫናት «ጣ»፣ ያው እጅ ነው። የመጨረሻውን በጣቴ ነካሁት፣ እርሳሱ ጣቴን አጠቆረው።

«መጋቢት 12። 3 ሰዓት። አልመጣችም።»

ዛሬ መጋቢት 12 ነው። በሩን ደግሞ እኔ ነኝ አሁን የነቀልኩት።

እርሳሱ ሣጥኑ ውስጥ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። በጥሼ ቦርሳዬ ከተትኩት። ሌላ እርሳስ ቤቱ ውስጥ የለም፣ ፈልጌያለሁ።

ማርች 22፣ እሁድ። 21፡00

ፈርቻለሁ። ለማንም አልናገርም፣ ላንተ ግን፣ ፈርቻለሁ። ከፍርሃቴ በላይ ግን አፍሬያለሁ። ሰው በየሳምንቱ ይጠብቀኛል፣ እኔ በየሳምንቱ ስድስት ሰዓት ዘግይቼ ደርሼ ኩባያውን አጥባለሁ።

የሽፍት ኃላፊዋ ጋ ደወልኩ። ልጅ ናት፣ ቅዳሜ እረፍት ጠይቄ ስለማላውቅ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ቀጠሮ አለብኝ፣ ዘግይቻለሁ አልኳት። ሽፍቴን ቼንጅ አደረገችልኝ።

ካራቫኑን አልሰጥም። ፒክአፑንም። ይህ ተወስኗል። ጠበልም አላስረጭም።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ። ጠዋት 2፡40

በኛ ነው የጻፍኩት፣ እንዳትደናገር።

በእርሳሱ ነው የምጽፍብህ። ትኩስ ዳቦ ይዣለሁ። ሁለቱን ኩባያ ራሴ አወጣሁ፣ ሁለቱንም ወደ ላይ። ውሃው ተጥዷል። ሚስተር ጆን የግቢውን በር ሲከፍትልኝ እኔን አላየም፣ ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስል ወደዚያ ነው ያየው። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዛሬ ከእጄ ሰዓት ጋር ተስማምቷል፣ የእጄን ሰዓት ባስ ላይ ሆኜ አዙሬዋለሁ።

የሣጥኑን ግድግዳ አየሁት። መጋቢት 12 ላይ ቆሟል። ከሥሩ ባዶ ነው። ሦስት ሲሞላ ሄጄ በእጄ «መጣሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ለዚህ ነው እርሳሱን የመለስኩት።

2፡55። ብርድ ነው። እግሬን በረደኝ።

የመኪናው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ነካሁት፣ አለ።

3፡00። ሞተሩ ተነሳ።

ውጭ፣ ፒክአፑ። አንዴ አጉረመረመና ተነሳ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። በመስኮቱ አላይም። መጀመሪያ የምጽፈውን ልጻፍ ብዬ ተነስቼ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ።

ተጽፏል።

«መጋቢት 19። 3 ሰዓት። መጣች።»

እርሳሱ እጄ ላይ ነው። ከእጄ አልወጣም። ደብተሬ፣ አንተ ምስክሬ ነህ፣ ከእጄ አልወጣም።

ሞተሩ ቆመ። ጠጠሩ ላይ እርምጃ አለ፣ ዝግ ያለ፣ ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት። ደረጃው ጋ ደረሰ። ውሃው ፈልቷል። ተነስቼ ለሁለታችን ልቅዳ፣ በሩንም