ባዶ ነው ያልኩት ፍላሽ

ጥቅምት 30፣ 2004 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ከምሳ በኋላ

በመጀመሪያ ይህ ይታወቅ። የሸምሲያ ፍላሽ ሲመጣ ባዶ አልነበረም። ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ለእሷ ግን ባዶ ነው የመጣው አልኳት።

ጠዋት እንደ ልማዴ ከኮምፒውተሬ ላይ ዳንቴሉን ገልጬ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ስታብላይዘሩን አብርቼ ተቀምጫለሁ። ሸምሲያ መጣች። የአጥር ጎረቤታችን ናት። ልጇ ኑረዲን ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው። እዚሁ ቡታጅራ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ለአረፋ በመጣ ሰው እጅ ፍላሽ ልኮላታል። ቪዲዮ አለበት፣ ጋሼ ይከፍቱልሻል ብሏታል። በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችው። የለበሰችው ለሠርግ የምታወጣውን ቀሚስ ነው። ልጇ ከዚያ ማዶ ሆኖ የሚያያት መስሏት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሰካሁት። አንቲቫይረሱ ዝም አለ። እኔ ግን በዓይኔ አወቅኩት። የታየው ቀስት ያለበት አንድ ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። ክብደት የለውም። ቪዲዮ እንዲህ አይቀልም። ቫይረስ ነው ብዬ ወሰንኩ። የዚህ ቤት ሕግ የታወቀ ነው። የታመመ ፍላሽ አይከፈትም፣ ይታጠባል። ሁሉን የሚጠርገውን፣ ፎርማት የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ።

ከኋላዬ ቆማ የታለ አለች። ቫይረስ ምንድን ነው፣ ፎርማት ምንድን ነው ብሎ ማስረዳት ረጅም መሰለኝ። ባዶ ነው የመጣው አልኳት። አጭር ስለሆነ። መልሳ ቋጠረችው። "ሰው ባዶ ዕቃ ባሕር ያሻግራል?" ብላ ሄደች።

የጠፋው ቫይረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳት የለም። ይህን የጻፍኩት ለሥርዓት ያህል ነው።

ኅዳር 3፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ባለቤቴ አስካለ ከሸምሲያ የሰማችውን ነገረችኝ። ኑረዲን ትናንት ደውሏል። አየሽው ወይ ብሎ ነው የጀመረው። ባዶ ዕቃ ልከህ ታሾፍብኛለህ አለችው። የለም፣ ራሴ ጭኜ፣ ራሴ አይቼ ነው የላክሁት አለ። ጋሼ ባዶ ነው ብለዋል አለች። ጋሼ ተሳስተው ይሆናል ቢላት፣ "አስተማሪህን ውሸታም ልታደርግ ነው?" ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አስካለ ይህን የምትነግረኝ በኩራት ነው። ቃልህ በዚህ ሰፈር እንደ ማኅተም ነው አለችኝ። ምሳውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ሆዴ ነው አልኳት።

ልጁ ውሸታም የተባለው በእኔ ቃል ነው። ግን ደግሞ ሲጭን ተሳስቶ ይሆናል። ወጣት ነው፣ ይቸኩላል። ይሆናል።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ። ጠዋት 4፡00

ደብተሬ፣ ዛሬ የሆነው ይህ ነው።

የጂኦግራፊ ጽሑፎቼ ያሉበትን የራሴን ፍላሽ ሰካሁ። የአየር ንብረቱ፣ የወንዞቹ፣ የካርታ አነባበቡ፣ ሁሉም ፎልደር ቀስት ሆኗል። ያው የሸምሲያው ቀስት። ክብደት የለሽ።

ፎርማት አላደረግኩም። ለምን? የራሴ ስለሆነ። ቆይ፣ ቀስ ብዬ ልየው አልኩ። ለእሷ ያልነበረኝ ትዕግሥት ለራሴ ነበረኝ።

ፍላሹ ምን ያህል እንደተያዘ አየሁ። ከግማሽ በላይ ተይዟል። የማይታይ ነገር ቦታ ይዟል ማለት ነው። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሁሉም ብቅ አሉ። ደብዘዝ ብለው፣ ግን ሙሉ ሆነው። ቫይረሱ ምንም አያጠፋም። ይደብቅና በቦታው ቀስት ያቆማል። ይኸው ነው።

የኑረዲን ቪዲዮ እዚያው ነበር። ከቀስቱ ኋላ። እኔ አጠፋሁት።

አንቲቫይረሱ ከክረምት ወዲህ አልታደሰም። የኢንተርኔት ሂሳብ ስቆጥብ። አሁን አድሼ አስፈተሽኩት። ጮኸ። ግን የጮኸው በኮምፒውተሩ ላይ ነው። ከሸምሲያ መጥቶ ይሆናል ብዬ ልጽናና ፈለግኩ። የታመመው ፋይል ቀኑ የመስከረም ነው። በመስከረም የራሴን ፍላሽ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳትሜበታለሁ። ሳመጣው አልፈተሽኩትም። የሰው ይፈተሻል እንጂ የእኔ ምን ሊሆን! የእሷ ንጹሕ ሆኖ መጣ፣ እኔ ቤት ታመመ፣ እኔው ገደልኩት።

በማስተማር ዘመኔ ያላነበብኩትን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ አላውቅም። አንድም ተማሪ ላይ። ኑረዲን ላይ ግን አሁን አደረግኩት።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ። ማታ

ኮምፒውተሩ ጸድቷል። ሁለት ጊዜ አስፈትሼዋለሁ። ምን ይጠቅማል።

ከሰዓት በኋላ ሐያት መጣች። የሸምሲያ ልጅ፣ የኑረዲን ታላቅ እህት፣ ገበያው ዳር ልብስ የምትሰፋው። በሩ ላይ ሆና እንደ ልማዷ ቀለደች። እዚህ ቤት ፍላሽ እንደ ጫት መኪና ኬላ ላይ ይፈተሻል አሉ፣ እኔም እጄን ወደ ላይ ላድርግ? አለች። ሳቅኩ መሰለኝ።

ከዚያ ተቀምጣ በዝግታ ነገረችኝ። ኑረዲን ለእሷ ደውሏል። በቪዲዮው ላይ አንዲት ልጅ ነበረች። የስልጤ ልጅ ናት፣ እዚያው ከወንድሟ ጋር ትኖራለች። ሊያገባት ነው። ኒካሁ ሳይታሰር እናቱ እንድታያትና ቃሏን እንድትሰጥ ነው የላከው። ልጅቷ ራሷ ሸምሲያን እማዬ ብላ ሰላምታ ተናግራለች። ቤተሰቦቿ መልስ እየጠበቁ ነው። ሸምሲያ ግን ስልክ አታነሣም። አሁን ኑረዲን እናቴ አይታ ጠልታት ነው፣ ባዶ ነው የምትለው ሰበብ ነው ብሎ አምኗል።

ሐያት ፊቴን አየች። ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? አለችኝ።

ማሽኑ የጠየቀኝን ነው የጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ያንኑ መልስ።

ስትወጣ የነገረችኝ ይህን ነው። እሷ ለወንድሟ ልትከራከር ስትሞክር እናቷ አንድ ቃል ብቻ ነው የምትመልሰው፦ "ጋሼ ዋሽተው ያውቃሉ?"

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ተስፋ። ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ የነበረው ወዲያው አይጠፋም። እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ጠርገኸውም ቢሆን የጠመኔው ጥላ ይታያል። የሚጠፋው ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው። የጠፋውን የሚፈልግ ፕሮግራም አለ። በሲዲኤምኤው፣ በኢንተርኔት ሞደሜ፣ ማውረድ ጀመርኩ። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። እንደገና ከመጀመሪያው።

የሚያስፈልገኝ ፍላሹ ነው። ፍላሹን ለማግኘት ለምን እንደምፈልገው መናገር አለብኝ። ሰበብ አሰብኩ። እንደገና ልየው ብላት ይበቃል። ግን ቪዲዮው ከተገኘ ያኔ የት ነበር ትላለች። አስካለ አጠገቤ ስትቀመጥ ስክሪኑን ዘጋሁ። ከሚስቴ የምደብቀው ነገር በዚህ ዕድሜ!

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ፕሮግራሙ ወርዷል። ተፈትሿል። ዝግጁ ነው።

ሸምሲያ ቤት ሄድኩ። ከመስቃን የመጣላት በርበሬ ግቢው ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አሰላሙ ዓለይኩም አልኩ። በርጩማ አቀረበችልኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ እጄ ግን በርበሬ አነሣ። መቀንጠስ ጀመርኩ። አየችኝና ሳቀች። ጋሼ ቀይ በእስክሪብቶ እንጂ በእጃቸው ሲነኩ አይቼ አላውቅም አለች።

ከዚያ ስለ ኑረዲን ራሷ አነሣች። ድሃ ሆኖ ቢቀር ይሻለኝ ነበር አለች። ገንዘብ ሲያገኝ መዋሸት ለመደ አለች። ጋሼ፣ ተማሪ ሆኖም እንዲህ ነበር እንዴ? ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ ደህና ልጅ ነበር አልኩ። ይህን ብቻ ነው እውነት የተናገርኩት። ፍላሹን አልጠየቅኩም። ቅርጫት ሙሉ ቀንጥሼ ተመለስኩ።

አስካለ ዓይንህ ምን ሆነ አለችኝ። በርበሬው ነው አልኳት።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ። ቀትር ላይ

ለአስካለ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቄ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ ቃልህ ማኅተም ነው ያልኩህን መልስልኝ አለች። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች። እኔም እመጣለሁ፣ በር ላይ እንዳትመለስ አለች።

ሐያት ለምሳ መጥታ እዚያው ነበረች። ቆሜ ተናገርኩ። ባዶ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ በሽታውም የእኔ ቤት ነው፣ ልጅሽ አልዋሸም አልኳት። ፍላሹን ስጪኝ፣ ምናልባት ይገኛል አልኩ።

ሐያት ራሷን ያዘች። ትናንት ሙዚቃ ቤት ወስዳ መንዙማ አስሞልታበታለች። ባዶ ከሆነ ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል ብላ። እስከ አፉ ሞልቷል።

ትናንት። እኔ ሰኞ በርበሬ ስቀነጥስ ነበር።

ሸምሲያ ወደ እኔ ዞረች። ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትለኝ። "አንተ" አለችኝ። "አንተን ይዤ ልጄን ካድኩ። ሰው ልጁን ሲክድ ምስክር ያስፈልገዋል፣ አንተን አቆምኩ።" አስካለ ማልቀስ ጀመረች። ሸምሲያ አላለቀሰችም። ወላሂ፣ ፍላሹን ብትሰብረው ይሻለኝ ነበር አለች። ስባሪውን አይቼ ልጄን አምነው ነበር።

ያው ቀን፣ ማታ 1፡00

ሁላችንም እኔ ቤት። ፕሮግራሙ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲፈልግ ዋለ። መንዙማ፣ መንዙማ፣ መንዙማ። በመጨረሻ ከሥር አንድ ስም ወጣ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ፣ ለእማዬ የሚል። ከፈትኩት። አይከፈትም። በሌላ መንገድ ሞከርኩ። አይከፈትም። ውስጡ ተጽፎበታል። ስሙ ብቻ ነው የተረፈው።

ለሸምሲያ አነበብኩላት። የትኛው ነው አለች። አሳየኋት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። መስታወቱን ማንም እንዲነካ አልፈቅድም ነበር። ዛሬ ተውኩላት።

ሐያት ደጋግማ ደወለች። ኑረዲን ከትናንት ጀምሮ የእህቱንም ስልክ አያነሣም። ኢሜይሉ አላት። ሸምሲያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ጻፍለት አለች። አሁን። የተዋሸበት በአንተ አፍ ነው፣ የሚጻፈውም በአንተ እጅ ነው። ልጅቷን መርቄያለሁ ልበልልሽ ወይ አልኳት። ቆጣ አለች። ሳላይ ባዶ ነው ያልኩት ይበቃል፣ ሳላይ አልመርቅም አለች። አይቼ ነው።

መብራት ሳይሄድ ይህን እየጻፍኩ ነው። ቃል በቃል እዚህም ይቀመጥ።

ኑረዲን ልጄ፣

አስተማሪህ ነኝ። ፍላሽህ ሲደርስ ሙሉ ነበር። ሳላይ አጠፋሁት፣ አጥፍቼም ባዶ ነው አልኩ። እናትህ ያመነችው እኔን ነው፤ ልጅቷን አላየቻትም፣ አልጠላቻትም። አንተ አልዋሸህም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ለሰፈሩም እናገራለሁ። ከጠፋው የቀረው ለእማዬ ብለህ የጻፍከው ስም ብቻ ነው። እሱን አሳይቻታለሁ።

ቪዲዮውን እንደገና ላክ። ከሌለህ እንደገና ተቀረጹ። ልጅቷ ያንኑ ሰላምታ ትድገመው። ፍላሹ ሲመጣ የምከፍተው እናትህና እህትህ አጠገቤ ተቀምጠው ነው፣ የሚጠፋ ነገር ካለም እነሱን ሳልጠይቅ አይጠፋም። እናትህ የሠርግ ቀሚሷን ከሣጥን አውጥታ አንጠልጥላዋለች። አይቼ እመርቃለሁ ብላለች።

ሰው እስኪገኝ፣ ፍላሽ እስኪላክ አትጠብቅ። መጀመሪያ ለዚህ መልስ ስጥ። ለእኔ ብለህ አይደለም። እናትህ ከወንበሩ አልነሣም ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች። እባክህ፣ ቶሎ መልስልን።