በታሸገው የሳይንስ ክፍል ውስጥ ስለተፈለፈሉት ጫጩቶች

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
(የወረዳችንን ስም ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።)

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ያ ክብ ማኅተምዎ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን፤ ዶሮዬም ደኅና ናት። ሰብሌ ካሳ እባላለሁ፤ ከጅዳ ተመልሼ ዶሮ የማረባ፣ ስድስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ያለችኝ ወላጅ ነኝ። ይህን የምጽፍልዎት የሳይንስ መምህርታችን ይርገዱ «እሽግ ቀድደዋል» ተብለው የፊታችን ሰኞ ከሥራ ሊሰናበቱ በኮሚቴ ፊት ስለሚቀርቡና፣ እሽጉን ማንም እንዳልቀደደው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

ሁዳዴ ገብቶ እንቁላል በየቤቱ ሲከማች፣ መምህርት ይርገዱ ልጆቹን አንዳንድ እንቁላል አስመጥተው በካርቶንና በጭድ ማስፈልፈያ አሠሯቸው። መብራታችንን ያውቁታል፤ ስለዚህ ልጆቹ በተራ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ እየሞሉ በእንቁላሎቹ መካከል ያስቀምጡ፣ ሙቀቱን ይለኩ፣ እንቁላሉን ያገላብጡ ነበር። አንድ ቀን ክፍሉን አጨልመው የስልክ መብራት ከእንቁላሉ ሥር ሲያበሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። ልጆቹ ጮኹ፤ እኔም አብሬ ጮኽኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ ሳስታቅፍ ኖሬ ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበርና፣ ለዚህ ሁሉ ደስታ በቅደም ተከተል ላመስግንዎት።

አንደኛ፦ የዚያን ቀን የተነሣውን ፎቶግራፍ «የጽሕፈት ቤታችን ምርጥ ተሞክሮ» ብለው በፌስቡክ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን፤ ኩታበር ያሉ ዘመዶቼ ሳይቀሩ አይተውት ደውለውልኛል። ሳምንት ሳይሞላው ያው ምርጥ ተሞክሮ «በዓመታዊ ዕቅድ ያልተካተተ ተግባር» ተብሎ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣልን ደግሞ፣ አንድ እጅ ሁለቱንም መጻፍ መቻሉ አስደንቆናል።

ሁለተኛ፦ መምህርቷ ጥቂት ቀን እንዲታገሷቸው ሲለምኑዎት «መጽሐፉ ያብራሩ ነው የሚለው፤ ያስፈልፍሉ የሚል የት አገኘሽ?» በማለት ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ትምህርቱ ልጆቹ ልብ ውስጥ ገብቷል። ልጄን ውኃ ቅጂ ስላት፣ ውኃ እንዴት እንደሚቀዳ ቁጭ ብላ ታብራራልኛለች።

ሦስተኛ፦ ሊፈለፈሉ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ክፍሉን በወረቀትና በማኅተም ስላሸጉልን። ፈርሂያ የምትባል የጎረቤቴ ልጅ ስሟን በእርሳስ የጻፈችበትን እንቁላል ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ጋሼ፣ ወላሂ ውስጥ ሆኖ እያንኳኳ ነው» ስትልዎት፣ የተቆጠረ ንብረት ከቦታው አይነሣም ብለው ወደ ካርቶኑ ጥግ እንድትመልሰው አዘዟት። መለሰችው። በሩ ሲዘጋ ልጆቹ ሲያለቅሱ አይቼ እጅግ ተናድጃለሁ፤ ይህንን ያለ ምንም ምስጋና እነግርዎታለሁ።

አራተኛው ግን እውነተኛ ምስጋና ነው። የሳይንስ ክፍሉ መስኮት መስታወቱ ከረገፈ ጀምሮ ይጠገንልን እያልን ስንመላለስ፣ በጀት የለም እያሉ ስላልጠገኑልን ዘርዎ ይባረክ። የዚያኑ ዕለት፣ ጠርሙሶቹ ሳይቀዘቅዙ፣ እንቁላል አልለቅም ብላ እቤቴ ታቅፋ የነበረችውን ገብስማ ዶሮዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ መጣሁ። ድንጋይ ላይ ቆሜ ሰው በማያሳልፈው ጠባብ መስኮት ከሥሩ ወደነበረው ካርቶን አስገባኋትና ክንዴ የደረሰባቸውን እንቁላሎች ከሥሯ ሰበሰብኩላት። እሽጉ ስለ በር እንጂ ስለ ክንድ የሚለው ነገር አልነበረም። ገብስማም የምደባ ደብዳቤ ሳትጠይቅ፣ አበል ሳታነሣ፣ ላባዋን ነፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢያዩት ኖሮ እርስዎም ይስቁ ነበር። ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው መዝሙር ሲዘምሩ ከታሸገው ክፍል ጭው ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ የፊት ሰልፈኞች ዝም አሉ፤ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ዜማው ጠፋባቸው፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በሙሉ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠለ። ጫጩቶቹን አንድ በአንድ እየተቀባበልን በመስኮት ስናወጣ፣ ከከላላ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች በቅሏቸውን አቁመው ሠርግ ነው ወይ ብለው ጠየቁን። ሠርግማ ምን አለው፣ ከዚያ ይበልጣል አልናቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጫጩት ታየ ማለት እሽግ ተቀደደ ማለት አይደለም። ወረቀቱ እንደተለጠፈ፣ ማኅተሙም እንደ ደመቀ ነው፤ እንዲያውም ሸረሪት ድር አድርታበታለች። መምህርት ይርገዱ ዶሮዋን ባስገባሁበት ሰዓት እርስዎ ጽሕፈት ቤት ተጠርተው ማስጠንቀቂያ ሲቀበሉ ነበርና ስለ ዶሮዋ የሰሙት ከልጆቹ ነው። ተከሳሽ የግድ ካስፈለገ ሰኞ እኔና ገብስማ እንመጣለን፤ እሷን በብብቴ ይዣት እገባለሁ፣ ልጆቿም ይከተሏታል። ስለ አሠራሯ ከጠየቋት ግን ሠርታ ታሳይዎታለች እንጂ አታብራራልዎትም።

በጸሎትም በዱዓም የምታስብዎት፣ ለመስኮቱ አለመጠገን ባለዕዳዎ የሆነች፣ ታዛዥዎ
ሰብሌ ካሳ

ልጆቹ አክይልን ያሉኝ፦ ክንዴ ያልደረሰባቸው እንቁላሎች በእርስዎ እሽግ ሥር በአደራ እንዳሉ ናቸው፤ አንዱ የፈርሂያ ነው። ስድስተኛ ክፍሎች የሙከራቸውን ውጤት «ዶሮ የታቀፈቻቸው ተፈለፈሉ፤ ማኅተም የታቀፋቸው አልተፈለፈሉም» ብለው ጽፈው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ፈርሂያ የሚያንኳኳውን እንቁላሏን እርስዎ ራስዎ አውጥተው በእጇ እንዲሰጧት ትፈልጋለች፤ በሩ አጠገብ እየቆመች ትጠብቅዎታለች። ወሩ ሙቀቱን ጨምሯልና፣ በሩን ከመክፈትዎ በፊት ረዘም አድርገው አየር እንዲስቡ በትሕትና እናሳስባለን።