ለአንድ ታቦት ሁለት ስለት

አባዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላን ነው። እዚያ ሆነህ የእኛን ወሬ ትስማ አትስማ አላውቅም፤ ብቻ ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደ ቆመ ነው። የበሩ አምፖል ግን ተቃጥሎ እስካሁን አልተቀየረም፤ ብትኖር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት በራፉ ጨለመ ብለህ ትስቅብን ነበር። እማዬ ከሏን አውልቃለች። ስትወጣም ስትገባም ቴሌቪዥኑን አታጠፋውም፤ ቤቱ ጭር ሲል ትፈራለች።

ያ የድሮው ቴሌቪዥን ድምፁ የጠፋ ጊዜ ትዝ ይልሃል? የምትሠራበትን ፋብሪካ ሞተር ሁሉ ስትጠግን ትውልና የራስህን ቴሌቪዥን ነገ ነገ እያልህ ክረምቱን ሙሉ አቆየኸው። እኛም ፊልሙን ያለ ድምፅ እያየን፣ አንተ ለወንዶቹ እኔ ለሴቶቹ እንናገርላቸው ነበር። ሽጉጥ የያዘውን ሁሉ የቤት ኪራይ ሊጠይቅ የመጣ አከራይ ታደርገዋለህ። እማዬ በሳቅ ሆዷን ይዛ ከጓዳ ትወጣ ነበር። ፊልም ካልተማርሁ ሞቼ እገኛለሁ ያልሁት ያኔ ነው። ዘመድ ሁሉ ነርስነት ይሻላታል ሲል፣ ተዋት የወደደችውን ትማር ያልህ አንተ ብቻ ነህ።

ዘንድሮ ጊዜው ደረሰልህ። ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳልሆን ብዬ እዚሁ ከተማችን ባለውም አዲስ አበባ ባለውም ዩኒቨርሲቲ ለፊልም ትምህርት አመለከትሁ። እዚህ ቃለ መጠይቅ ነበር። ለአዲስ አበባው አጭር ፊልም መላክ ነበረብኝና፣ ከይፋግ ሩዝ እያመጣች ሰፈራችን የምትቸረችረውን ሴትዮ ቀርጬ ላክሁ። ድምፁን እንኳ በደንብ አልሠራሁትም።

አባዬ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፤ ልቤ አዲስ አበባ ነበር። የዚህኛው ትምህርት መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ መምህራኑን ሁሉም ያመሰግናቸዋል። ግን በዚህ ከተማ አንተ ቀድመህ ያልቆምህበት መንገድ የለም። ሳይክል ያስተማርኸኝ አስፋልት አለ። ጣና ዳር የተጠበሰ ዓሣ እየበላን፣ አጥንቱን ለወፎቹ የምንወረውርበት ድንጋይ አለ። ባለፍሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። አንተ ረግጠኸው የማታውቀው ሰፈር ሄጄ ትንሽ መተንፈስ አማረኝ።

ስለዚህ ተሳልሁ። አዲስ አበባ ከተቀበለኝ ለገብርኤል አንድ እስር ጧፍ አገባለሁ አልሁ፤ ለማንም አልተነፈስሁም። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም ተቀብለውኛል። እማዬ የዚህኛውን ስነግራት አቅፋ ሳመችኝ። የአዲስ አበባውን ለመንገር ደኅና ቀን ስጠብቅ የገብርኤል ዕለት ደረሰ፤ ጧፉን በነጠላዬ ሸፍኜ አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። እሷም በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እኔንም እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ስለት ያለው ይቅረብ ተባለ። እማዬ ከጎኔ ተነሥታ ሄደች። ጥቅሉ ሲፈታ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ነው። ስለት ተቀባዩ ቄስ በድምፅ ማጉያው አሰሙላት፤ ባሏን ቀብራለችና፣ ልጇ ከባሕር ዳር ሳትወጣ እዚሁ እንድትማርላት ተስላ ገብርኤል ሰማት ብለው። ሴቶቹ እልል አሉ። እሷም እልል አለች። አንተ ከሞትህ ወዲህ እማዬ እልል ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጧፌን ይዤ ልነሣ? ምን ብዬ? ገብርኤል ለእሷም እሺ ለእኔም እሺ ብሎ ጣጣውን ለእኔ ተወልኝ። ተናደድሁበት፤ ይቅር ይበለኝ። አንተ ብትኖር ሁለታችንንም ቁጭ አድርገህ፣ መጀመሪያ በእሷ ኋላ በእኔ ቀልደህ አንድ ነገር ትለን ነበር። እኛ ያላንተ መነጋገር አላወቅንበትም። እሷም ለመልአክ ትነግራለች፣ እኔም ለመልአክ እነግራለሁ፤ እርስ በርሳችን የምናወራው ስለ ዘይትና ስለ ውኃ መጥፋት ነው።

ሕዝቡ ሲበተን ጧፉን ለአንድ ዲያቆን ሰጠሁት፤ ስሜ እንዳይጠራ ለመንሁት። ስለት አይቀርም። ለማልሄድበት ዩኒቨርሲቲ ስለቴን አግብቼ ወደ ቤት ተመለስሁ። በማግሥቱ ለአዲስ አበባው አልመጣም ብዬ ጻፍሁ፣ እዚሁ ተመዘገብሁ። እማዬ የዚያን ቀን ምሳዋን ጨርሳ በላች። እኔ ድርሻዬን ወደ እሷ በኩል ገፋሁት። እንዲህ እየሆንሁ ምን ዓይነት ፊልም እንደምሠራ እንጃ፤ ካሜራውን ካነሣሁት ቆይቻለሁ።

ሰው ሁሉ ለሞተበት አልረሳህም ብሎ ይምላል። እኔ ግን፣ አትቀየመኝና፣ ጥቂት ዓመት ካንተ ዐርፌ፣ ሲቀለኝ ተመልሼ ላስብህ ነበር የፈለግሁት። አልሆነም። ትምህርት ከነገ ወዲያ ይጀመራል። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚወስደው ባጃጅ የሚያልፈው አንተን ይዘን በገባንበትና ያላንተ በወጣንበት በሆስፒታሉ በር ነው። አስታውስሃለሁ አባዬ። ብፈልግም ባልፈልግም፣ ስሄድም ስመለስም አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ብዙአየሁ