የሰው አውራጃ እንጨት

ኅዳር 4
ድንች ቀቀልኩ። ትንሽ የጨው ዓሣም ነበረ። ከአገራችን ከከስፑክዊትክ አውራጃ ካመጡን ዛሬ አሥረኛ ቀናችን። የመንግሥቱ ሹም ያለቀለት ቤት ይጠብቃችኋል ብሎን ነበር… ያገኘነው አራት ግድግዳና ግማሽ ጣሪያ ነው። በየስንጥቁ ነፋስ ይገባል። ምድጃ አለ፣ ማገዶ የለም።

ኅዳር 9
ባለቤቴ ሱልያን መጥረቢያውን ይስላል እንጂ ጫካ አይገባም። «ይሄ የሲፔክኔካቲክ አውራጃ ነው። አለቃው ሳይፈቅድ በሰው አውራጃ አንዲት ዛፍ አልቆርጥም። አባቴም አላደረገውም።» የዚህ አውራጃ አለቃ፣ አለቃ ቶማ፣ ደግሞ ሩቅ ጫካ ለግንድ ቆረጣ ተቀጥረው ሄደዋል። በረዶው ሳይቀልጥ አይመለሱም አሉ። ምን ዓይነቱን ሰው ነው ያገባሁት?

ኅዳር 21
ጎረቤቴ አግነስ ሳቀችበት። «ጋሼ ሱልያን፣ አለቃው ከሌሉ ዛፉን ራሱን አይጠይቁትም?»
«ዛፉ ዝምተኛ ነው። አንቺ ብትሆኚ ሳልጠይቅሽም ትመልሺልኝ ነበር።»
ሳቅን። ማታ ግን ሲያስል አመሸ።

ታኅሣሥ 12
ከግንባታ የተረፈ ፍቅፋቂ ለቅሜ አነደድኩ። ጢስ ብቻ! አግነስ አንድ ሸክም እንጨት ብታመጣ ሱልያን መለሰባት። «እሷም እንደኛ መጤ ናት፣ ማን ፈቀደላት?»
ተናደድኩ። መጥረቢያውን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።
«ሹሙ የሕዝባችንን ሰባቱንም አውራጃ ጨፍልቆ እንደ ከብት አጎረን። እኔም አውራጃ የሚባል የለም ልበል?»
መጥረቢያውን መልሼ አስቀመጥኩ።

ጥር 6
ደም ተፋ።

ጥር 8
አላስቻለኝም። ተኝቶ ሳለ ወጥቼ ቆረጥኩ። ቤቱ ሞቀ፣ ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ነቃ። እሳቱን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥር 10
አሁንም አያናግረኝም። ሾርባውንም አልነካም። ሱልያን፣ በናትህ… እንድትድን ብዬ እኮ ነው!

ጥር 11
አንድም ቃል ሳያናግረኝ ሞተ።

ጥር 14
አገሩ ልንወስደው ለመንን፣ ሹሙ እንቢ አለ። እዚሁ ቀበርነው። በሰው አውራጃ።

መጋቢት 29
አለቃ ቶማ ተመለሱ አሉኝ። ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው በመጋዝ ሥራ ቆስሏል።
«ባለቤቴ እንጨት እንዲፈቅዱለት ሲጠብቅዎት ሞተ» አልኳቸው። «እኔ ግን ሳልጠይቅዎት ቆረጥኩ።»
ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።
«እህቴ፣ ሃያ ዓመት አለቃ ሆኜ ፈቃድ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንድ እሱ ብቻ።» ከመቀመጫቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ፈቅጃለሁ። የቆረጥሽውንም፣ የምትቆርጪውንም።»
ቤት ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።
ፈቅደዋል… ለማን ልንገረው?