ስድስት ዓመት የቆየ ለቅሶ

በ1955 ዓ.ም. ጥቅምት ወደ ብር ወንዝ ቆላ ለሥራ የወረደው ገበሬ ንዳድ፣ ማለትም ወባ፣ ይዞት ተመለሰ። ኅዳር ላይ በጅጋ ዙሪያ ቀባሪ ታጣ፤ ጤፉ አጫጅ አጥቶ ማሳ ላይ ረገፈ። ወይዘሮ ካሰች ይርሳው በሃያ ቀን ውስጥ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ዓለምብርሃንን፣ ሀብትነሽንና ዘሩን ቀበሩ። አልቃሽ አልመጣም። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ባዬም በሽታውን ፈርተው ከቡሬ ሳይነሱ ቀሩ።

ወይዘሮ ካሰች ከአባታቸው ከአቶ ይርሳው ንብረትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በ1916 ዓ.ም. በቡሬ ገጠር ተወለዱ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ትምህርቱ ለወንዱ ልጅ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. አቶ ደረሰን አግብተው ጅጋ አጠገብ ገቡ። አራት ልጆች ወለዱ።

በ1956 ዓ.ም. እንደ እርሳቸው ልጅ የቀበሩ ስድስት ሴቶችን ሰብስበው ማኅበር አቆሙ። በየወሩ ከአንዷ ቤት ይገናኛሉ። ባለ ተራዋ የሞተባትን ልጅ ታነሳለች፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደ ዛሬ ሞት ያለቅሱላታል። ከዚያ ያደረውን ሥራዋን አግዘዋት ይሄዳሉ። አንዳንድ ወንዶች “ሙት ቆጣሪዎች መጡ” እያሉ ያላግጡ ነበር። ወይዘሮ ካሰችም “እኛ ባንቆጥር እናንተ ስማቸውን ታውቃላችሁ?” ብለው መለሱላቸው። ማኅበርተኛው እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ አርባ ደረሰ።

የራሳቸውን ተራ ግን ሁልጊዜ ለሌላ ይሰጡ ነበር። ሲጠየቁ፣ “የልጆቼን ለቅሶ የሚጀምሩት አጎታቸው ናቸው። የሚስታቸው ለቅሶ ላይ ሳምንት ተቀምጫለሁ፤ ብድር አለባቸው” ይሉ ነበር። አቶ ባዬ ይህን ሰምተዋል። ዓመት በጨመረ ቁጥር እፍረቱ ባሰባቸውና ቀሩ።

በ1961 ዓ.ም. የካቲት ወይዘሮ ካሰች የሆድ ሕመም ጣላቸው። ፍኖተ ሰላም ቢታከሙም አልተሻላቸውም። ሚያዝያ 9 ቀን በአርባ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ወለተ ሐናና ማኅበርተኞቻቸው ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቀድመዋቸው ከሄዱት ልጆቻቸው ጋር ያኑርልን።

አንድ ነገር ሳይነገር አይቅር። ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት አቶ ባዬ የሕመሙን መጽናት ሰምተው ከቡሬ በእግራቸው መጡ። ማኅበርተኞቹ አልጋውን ከበው ተቀምጠው ነበር።

“ወንድምዓለም፣ ዘገዩብኝ” አሏቸው ወይዘሮ ካሰች።

“ዘገየሁ፣ እህቴ። ማንን ላስቀድም?”

“ዓለምብርሃንን። ታላቋ እሷ ናት።”

አቶ ባዬ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆሙና የሦስቱንም ስም በየተራ እየጠሩ አለቀሱ። ወይዘሮ ካሰችም ከወንድማቸው ጋር አለቀሱ። የለቅሶው ብድር ያን ቀን ተመለሰ።