ዘበኞቹ የት ነው ያሉት?

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሳልሽ ተሻለሽ? የምግብ ፍላጎትሽስ ተመለሰ ወይስ አሁንም ሾርባሽን ለድመቷ ነው የምትሰጪው? አባዬ ጉልበቱ እንዴት ሆነለት? እዚያ ሰሜን፣ ኪሩና፣ በረዶው ደጅ እንደዘጋባችሁ ወንድሜ ሃልቫር ነግሮኛል። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። የላክሽው የዱር እንጆሪ ማርማላታ ደርሶኛል፤ ሥራ ቦታ ብወስደው በአንድ ቀን ጠረጉት። ሆዳሞች!

ስልኬን አታነሳም ብለሽ ተቀይመሻል አሉ። ድምፄን ከሰማሽ መጨነቄ ይገባሻል ብዬ ፈርቼ ነው።

ከሳንባሽ ዕጢ የተወሰደው ሥጋ እኛ ላቦራቶሪ መምጣቱን ታውቂያለሽ፤ የፈቀድሽው አንቺው ነሽ። አለቃዬ አስታ ግን «የእናትሽን ዕጢ አንቺ አትነኪውም፣ ዞር በይ!» ብላ ለሥራ ባልደረባዬ ለኢንግቫር ሰጠችው። ዱሮ ዕጢውን ፈጭተን ነበር የምንመረምረው፤ ውስጡ ምን እንዳለ እናውቃለን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጎራበት ግን አናውቅም። አሁን ከፀጉር የቀጠነ ቁራጭ መስታወት ላይ እናነጥፍና እያንዳንዱ ሴል የት እንዳለ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ በካርታ እናወጣለን። ሐኪምሽ የጠየቀችን አንድ ነገር ነው፤ የሰውነትሽ ዘበኞች፣ በሽታ የሚዋጉት ሴሎች፣ የት ነው ያሉት? ዕጢው ውስጥ ከገቡ አዲሱ መድኃኒት የሚቀሰቅሰው አገኘ ማለት ነው። ውጭ ከቀሩ ግን የመድኃኒቱ ሙከራ ውስጥ አትገቢም።

የመጀመሪያው ካርታ ሲወጣ ዘበኞቹ ሁሉ ከዕጢው ርቀው አንድ ጥግ ተሰብስበዋል። እማዬ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ እንደ ደንባችን የአተር ሾርባና ፓንኬክ እየበላን ሳለ አስታ ሁለት ምስል ይዛ ከተፍ አለች። ከዕጢው ተከታትለው የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ናቸው፤ አንዱ የዕጢውን ቅርጽ፣ ሌላው ዘበኞቹን ያሳያል፤ ካርታው የሚወጣው ሁለቱ ሲደረቡ ነው። «ይቺ የደም ሥር እዚህ በግራ፣ እዚያ በቀኝ! ኢንግቫር፣ ቁራጩን ገልብጠህ ነው እንዴ ያነጠፍከው? ፓንኬክ መሰለህ?» ብላ ጮኸችበት። እሱም ፊቱ ቲማቲም መስሎ «ወይኔ ጉዴ!» አለ። የዘበኞቹን ምስል ገልብጠው ሲደርቡት ዘበኞችሽ ዕጢው መሃል ዘጭ ብለው ተቀምጠዋል! እንቅልፍ ይዟቸዋል እንጂ እዚያው አሉ። በአዲስ ቁራጭ ደገሙት፤ ያው ነው። ኢንግቫርን ልምታው ወይስ ልሳመው ግራ ገባኝ፤ ሳምኩት።

መድኃኒቱ በእርግጥ ያድንሻል ብዬ አልዋሽሽም፤ ሙከራ ነው። ግን ተስፋ አለ። «ከእንግዲህ ተዉኝ፣ እቤቴ ልሙት» ማለትሽን ሰምቼ በጣም ተናድጃለሁ። ዘበኞችሽ እዚያ ድረስ ዘልቀው ገብተው አንቺ እጅ ትሰጫለሽ? ሐኪምሽ በቅርቡ ትደውልልሻለች። እባክሽ እማዬ፣ በሞቴ፣ እሺ በያት። ሕክምናው እዚህ ነው፤ አልጋሽን አንጥፌያለሁ።

አባዬን ግንባሩን ሳሚልኝ። ሃልቫርንና ሚስቱን ኢልቫን፣ ያቺን ቀበጥ ልጃቸውንም ሰላም በይልኝ። አንቺን ግን በወረቀት አልስምሽም፤ መጥተሽ እዚሁ ትሳሚያለሽ።

ልጅሽ ቲራ
ስቶክሆልም፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2024