በገዛ ቤታቸው ቀጠሮ የሰጠኋቸው ሽማግሌዎች

ውድ አልማዜ፣

ከባድ ዜና ስላለኝ ተቀምጠሽ አንብቢው። የምድር ቤቱ አምፖል ተቀየረ። በሕይወት ሳለሽ ስድስት ወር የጨቀጨቅሽኝ ያው አምፖል፤ ራሴ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ማንም ሳይደግፈኝ። ከሄድሽ ሦስተኛው በረዶ ቀልጦ መሆኑ ነው። እኔ መቼም አልቸኩልም።

ቀለል ያለ ወሬ ደግሞ አለ፦ ያሳደግናት የልጅ ልጃችን ሳራ ልታገባ ነው። ልጁ ዲያጎ ይባላል፤ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ከተማ አብረው ነው የሚሠሩት። አገሩ ሜክሲኮ፣ ከተማው ሞንቴሬይ። «የሚወስዳትን ልጅ ቤተሰብ በዓይንህ ሳታይ እንዳትመርቅ» ብለሽኝ አልነበር? ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ሄድኩ።

እኛ ሚኒሶታ ከፍታ ብለን የምናየው የሃይዌይ ድልድይ ነው። እዚያ ግን ወደየትም ብትዞሪ ተራራ ነው፤ ያን የሚያህል ከተማ ከበው ቁልቁል ያዩታል፣ እህቶችሽ እኔን መጀመሪያ ቀን እንዳዩኝ። አንዱ ቁርጥ ኮርቻ ይመስላል፤ ስሙም ኮርቻ ነው። «ፈረሱስ የት ሄደ?» ብዬ የዲያጎን አባት ጠየቅኩ። ሳራ ለዲያጎ በእንግሊዝኛ፣ ዲያጎ ለአባቱ በስፓኒሽ እስኪያደርሱት ራት ቀረበ፤ ሳቁ የመጣው ሾርባው ካለቀ በኋላ ነው።

ለካ ሳራ ወጋችንን ነግራቸው ኖሯል። ከራት በኋላ አባትየው ከሁለት ወንድሞቹ ጋር፣ ከረባት አስረው፣ ፊቴ ቆሙና ልጅቷን ለልጃቸው ጠየቁ። እኔም ደንቡን ጠብቄ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አልኳቸው። በገዛ ቤታቸው። አውሮፕላናችን ደግሞ በማግስቱ ነው።

የዲያጎ እናት ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ሳራ ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ሲሪየስሊ? ኖ ያልካቸው መስሏቸዋል እኮ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አባትሽ የእኔን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ሲመልሳቸው አንቺ ከመጋረጃ ጀርባ ትስቂ ነበር፤ ይቺ ግን መሳቅ አልቻለችም። ያን ጊዜ ፈለግኩሽ። ብትኖሪ በክርንሽ ጎሸም ታደርጊኝና እታረም ነበር።

ጠዋት ቁርስ ላይ ብድግ አልኩ። «ባለቤቴ በህልሜ መጥታ፣ ‹ደግ ሰዎች ናቸው፤ ምን ታስጠብቃቸዋለህ? መርቅ› ብላኛለች» አልኳቸው። ቃሉ ሁለት ቋንቋ ተሻግሮ እናትየው ጋ ሲደርስ፣ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። መረቅኩ፣ ስምሽን ከስሜ አስቀድሜ። «እንደ ተራራችሁ ያጽናችሁ» ስል ሁሉም «አሜን» አሉ፤ እሱስ አስተርጓሚ አልፈለገም።

ሰርጉም ላይ የምመርቀው በሁለታችን ስም ነው። እኔ እስካለሁ አንቺን ያላነሳ ምርቃት ከዚህ ቤት አይወጣም።

እንግዲህ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ፤ ህልሙን። እንደ ግንድ ነው የተኛሁት፣ እንዳልመጣሽም ታውቂያለሽ። ግን አርባ አምስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ ምን እንደምትይ ለማወቅ ህልም አያስፈልገኝም።